«ዘመኑ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም፦ ስለ ዡል ፌሪ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ፈረንሳዊው ፖለቲከኛ ዡል ፌሪ የተጻፈ ረዘም ያለ የአማርኛ ጽሑፍ ሲዞር ነበር። እኔም ደርሶኝ አነበብኩት። አጻጻፉ ይጥማል፤ ጸሐፊውም እንደደከሙበት ያስታውቃል። ፍሬ ነገሩ ላይ ግን ብዙ ቦታ አልተስማማንም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ፌሪ በ1880ዎቹ ሁለት ጊዜ የፈረንሳይ መንግሥት መሪ፣ ደጋግሞም የትምህርት ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው። ጽሑፉ ይህን ሰው «የድሃ ልጆች አባት» ያደርገዋል። ከእሱ በፊት ድሃው ትምህርት ቤት አያውቅም ነበር ይላል። ሃይማኖትን ከክፍል ውስጥ ጠራርጎ አስወጣ ይላል። ቅኝ ግዛት ማስፋፋቱን በዘመኑ ሚዛን እንየው፤ ያኔ ሁሉም እንደዚያ ያስብ ነበር ይላል። በቬትናም ተሸንፎ ከሥልጣን ወረደ፣ በጥይት ተመቶ ሞተ፣ ተረሳም ይላል። በመጨረሻም ሰውየው ከእኛ አካባቢ ጋር የሚያገናኘው ነገር እንደሌለ ጠቅሶ ይዘጋል።

አንድ በአንድ እንያቸው። አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ፤ አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በትምህርት ቤቱ ልጀምር። ፌሪ በ1832 በቮዥ አውራጃ በሴን-ዲዬ ከተማ ተወለደ። ገና የአንድ ዓመት ሕፃን ሳለ፣ በ1833፣ በሚኒስትሩ በጊዞ ስም የሚጠራው ሕግ ወጣ። እያንዳንዱ ኮሙን (ትንሿ የፈረንሳይ የአስተዳደር ክፍል) ብቻውን ወይም ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲኖረው ያዘዘው ይህ ሕግ ነው። በ1867 ደግሞ ሌላው ሚኒስትር ዱሩዊ ከ500 ሰው በላይ ያለው ኮሙን ሁሉ የሴቶች ትምህርት ቤት እንዲከፍት አደረገ። ስለዚህ ፌሪ በ1879 ትምህርት ሚኒስቴርን ሲረከብ አብዛኛው የፈረንሳይ ልጅ ቀድሞውኑ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ፌሪ ከባዶ አልጀመረም።

ታዲያ ምን ሠራ? ያልነበረውን ጨመረ። ከእሱ በፊት ወላጅ በየወሩ ለትምህርት ቤት ይከፍል ነበር። መክፈል የማይችለው ደግሞ ስሙ በኮሙኑ የድሆች ዝርዝር ላይ ይሰፍራል፤ ልጁም በዚያ ምሕረት ይማራል። እስቲ ትንሽ መንደር ውስጥ ሆናችሁ አስቡት። ዝርዝሩ ላይ ማን እንዳለ የማያውቅ የለም። ልጅየው አብሮት የተቀመጠው ከፋይ መሆኑን ያውቃል፤ ያኛውም የእሱን ያውቃል። የጁን 16 ቀን 1881 ሕግ ክፍያውን ሲያነሳ ይህን ዝርዝርም አብሮ ቀደደው። ለእኔ የፌሪ ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ጽሑፉ ግን አንድ መስመር እንኳ አልሰጠውም። ከዚያ የማርች 28 ቀን 1882 ሕግ ተከተለ፤ ከ6 እስከ 13 ዓመት ያለ ልጅ፣ ወንድም ሴትም፣ የግድ እንዲማር አዘዘ።

ደግሞም ሥራው የአንድ ሰው አልነበረም። በየአውራጃው የሴት መምህራን ማሠልጠኛ እንዲከፈት ያደረገውን የ1879 ሕግ የገፋው ፖል ቤር ነው። የሴቶች መንግሥታዊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1880 የመጣው በካሚይ ሴ ሕግ ነው። የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ለዓመታት በዋና ኃላፊነት የመራው ፈርዲናንድ ቢዊሶን ነው፤ ኋላ በ1927 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘው ሰው። እነዚህን ሁሉ ዘሎ ሁሉንም ለፌሪ መሸለም ያው የተለመደው የጀግና አምልኮ ነው።

«የድሃ ልጆች አባት» የሚለውም ይከነክነኛል። ነፃ የሆነው አንደኛ ደረጃ ብቻ ነበር። ሊሴው፣ ወደ ዩኒቨርሲቲና ወደ ትልልቅ ሥራዎች የሚያደርሰው መንገድ፣ ፌሪ ከሞተም በኋላ ለአሥርት ዓመታት በክፍያ ቀጥሏል። የገበሬው ልጅ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማስላትና አገሩን መውደድ ይማራል፤ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ወደ እርሻው ይመለሳል። የባለ ገንዘቡ ልጅ በሌላ በር ገብቶ ይቀጥላል። ፌሪ በኤፕሪል 1870 ፓሪስ ውስጥ ባደረገው ዝነኛ ንግግር ያለኝን ሁሉ ለሕዝብ ትምህርት እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ቃሉንም ጠብቋል። ግን አጥሩን እስከ የት እንዳፈረሰ፣ የቱ ጋ እንደተወው ማየትም አለብን።

ሃይማኖትን ጠራርጎ አስወጣ የተባለው ግማሹ እውነት ነው። የ1882 ሕግ «የሞራልና የሃይማኖት ትምህርት» የሚለውን አውጥቶ በምትኩ «የሞራልና የዜግነት ትምህርት» አስገባ። ሕጉ ግን ከእሑድ ሌላ በሳምንት አንድ ቀን ትምህርት ቤት እንዲዘጋ አዘዘ፤ ወላጅ ከፈለገ ልጁን ሃይማኖት የሚያስተምርበት ቀን እንዲኖረው። በተግባር ሐሙስ ሆነ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥም «ለእግዚአብሔር ያለብን ግዴታ» የሚል ክፍል ነበር። ያ ክፍል የወጣው በ1923 ነው። ፌሪ በወቅቱ መቃብር ከገባ 30 ዓመት ሆኖታል።

እዚህ ላይ በኖቬምበር 17 ቀን 1883 ለመምህራን የጻፈውን ደብዳቤ ማንሳት ያስፈልጋል። ጽሑፉ አልጠቀሰውም፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። በደብዳቤው ለመምህሩ የሰጠው መለኪያ ቀላል ነው። ለልጆቹ አንድ ነገር ከመናገርህ በፊት፣ አንድ የቤተሰብ አባት፣ አንድ ብቻ፣ ክፍልህ ገብቶ ቢሰማህ በቅን ልቡ «ይህንስ አልቀበልም» ሊል ይችላል ወይ ብለህ ራስህን ጠይቅ። የሚል ካለ ተወው። ከሌለ ሳትፈራ ተናገር። የልጅ ሕሊና ስስና ቅዱስ ነገር ነው፤ ስትነካው ተጠንቀቅ። ሃይማኖት ጠራጊ ሰው እንዲህ አይጽፍም።

እውነት የሆነው ግማሽ የቱ ነው? ከካቶሊክ ማኅበራት ጋር ያደረገው ትግል ነው። እዚያ ላይ ፌሪ ርኅራኄ የለውም። ፈቃድ የሌላቸው ማኅበራት እንዳያስተምሩ የሚከለክለውን አንቀጽ 7 በ1879 አቀረበ፤ ሴኔቱ ጣለበት። በሕግ ያጣውን በአዋጅ አመጣው። በማርች 29 ቀን 1880 በወጡት አዋጆች ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ማኅበርተኞች ከገዳማቸው ወጡ፤ ፖሊስ በር እየሰበረ የገባበት ጊዜ ነበር። በርካታ ዐቃብያነ ሕግና ዳኞች ይህን አናስፈጽምም ብለው ሥራቸውን ለቀቁ። ጸሐፊው ይህን ቢያነሱ ኖሮ ክሳቸው ይጠነክር ነበር።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «ዘመኑ ነው»። «ያኔ ሁሉም እንደዚያ ያስብ ነበር»። ይህችን አባባል በየቦታው እንሰማታለን፤ ሰነፍ መልስ ናት። በፌሪ ጉዳይ ላይ ደግሞ ጨርሶ አትሠራም። ምክንያቱም ፌሪ የተናገረውን በተናገረበት ሰዓት፣ በዚያው አዳራሽ፣ ያንኑ ዘመን የሚኖሩ ሰዎች ፊት ለፊት ተሟግተውታል። ሁሉም በቃለ ጉባኤ አለ።

ቀኑ ጁላይ 28 ቀን 1885 ነው። ፌሪ ከሥልጣን ከወረደ አራት ወር ሆኖታል። ምክር ቤቱ ስለ ማዳጋስካር ዘመቻ ገንዘብ እየተከራከረ ነው። ፌሪ ተነስቶ የቅኝ ግዛት ፖሊሲውን አንድ በአንድ አስረዳ። መጀመሪያ ንግድ፦ ፋብሪካዎቻችን ገበያ ይፈልጋሉ። ቀጥሎ ያቺ ዝነኛ ዓረፍተ ነገር መጣች። የበላይ ዘሮች በበታች ዘሮች ላይ መብት አላቸው፤ ምክንያቱም ግዴታ አለባቸው፤ የማሠልጠን ግዴታ።

አዳራሹ ዝም አላለም። ከግራ በኩል አንድ ተወካይ የሰው ልጅ መብት በታወጀበት አገር ይህን ትደፍራለህ ብሎ ጮኸ። ሌላው ይህማ ባርነትንና የባሪያ ንግድን ማጽደቂያ ነው አለ። ፌሪ ምን መለሰ? የመብት አዋጁ ለምድር ወገብ አፍሪካ ጥቁሮች የተጻፈ ከሆነ በምን መብት ንግዳችሁን ትጭኑባቸዋላችሁ፣ እነሱ አልጠሯችሁም አለ። መልሱን ልብ በሉ። ፌሪ ተቃዋሚዎቹን በሎጂክ ሊያጠምድ ፈልጎ ነበር፤ የራሱን ቤት መሠረት ነው የነቀነቀው። አልጠሯችሁም ማለት እኮ እውነት ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ የግራ ክንፍ ተወካዩ ክሌማንሶ ተነሳ። የበላይ ዘር፣ የበታች ዘር ማለት ቀላል ነው አለ። እኔ በበኩሌ ከዚህ ነገር የራቅሁት የጀርመን ሊቃውንት ፈረንሳይ የተሸነፈችው ፈረንሳዊው ከጀርመኑ ያነሰ ዘር ስለሆነ ነው ብለው በሳይንስ ሲያረጋግጡ ካየሁ ጀምሮ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድን ሰው ወይም አንድን ሥልጣኔ የበታች ብዬ ከመፈረጄ በፊት ሁለቴ አስባለሁ አለ። የሕንድን፣ የቻይናን ሥልጣኔ እየጠራ ጠየቀ፤ እነዚህ ናቸው የበታቾቹ?

ክሌማንሶን ቅዱስ ለማድረግ አይደለም። እሱም ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን አንዲት ቅኝ ግዛት አልመለሰም። ከቀኝ በኩል የተቃወሙትም ብዙዎቹ ለቬትናም ሕዝብ አዝነው አልነበረም፤ በ1871 ጀርመን የወሰደችው አልዛስ ሳይመለስ ወታደራችንን ሩቅ ምሥራቅ አትበትንብን ነው የሚሉት። ተቃውሞው የተደበላለቀ ነበር። ግን ነበር። «ሁሉም እንደዚያ ያስብ ነበር» የሚለው ሰው እነዚህን ሁሉ ከታሪክ እየሰረዘ ነው።

ሌላም አለ። ጽሑፉ ሁለት ፌሪ ያስቀምጥልናል፤ ደጉ የትምህርት ቤቱ፣ ዘመኑ ያሳሳተው የቅኝ ግዛቱ። 1881ን ብቻ ወስደን እንየው። ሜይ 12 የባርዶ ውል ተፈረመ። የፈረንሳይ ጦር ቤተ መንግሥቱን ከቦ የቱኒስ ገዢ ፈረመ፤ ቱኒዚያ በፈረንሳይ ሞግዚትነት ሥር ገባች። ጁን 16 ትምህርት ነፃ ሆነ። ጁን 28 ደግሞ ለአልጄሪያ አንድ ሕግ ወጣ፤ አስተዳዳሪዎች የአገሬውን ሙስሊም ያለ ፍርድ ቤት እንዲቀጡ ሥልጣን ሰጠ፣ ያውም ፈረንሳዊ ቢያደርገው ጥፋት በማይባል ነገር። ጁን 30 ለፈረንሳዮች የስብሰባ ነፃነት። ጁላይ 29 የፕሬስ ነፃነት ሕግ፣ እስከ ዛሬ የሚሠራው።

ሦስት ወር አይሞላም። አንድ መንግሥት፣ አንድ መሪ። ድሆቹን ከዝርዝሩ ያወጣው እጅ ከ12 ቀን በኋላ አልጄሪያዊውን ሌላ ዝርዝር ውስጥ ከተተው። ይህ ሁለት ሰው አይደለም። ፌሪ ሁለቱንም «ማሠልጠን» ብሎ ነው የሚያያቸው፤ የፈረንሳዩን የብሬታኝ ገበሬ ልጅም፣ የቶንኪንን (የሰሜን ቬትናምን) ሰውም። ልዩነቱ የብሬታኙ ልጅ ሲያድግ ድምፅ ይሰጣል። የ1881ን የትምህርት ሕግ ማድነቅ የጁን 28ን ሕግ ማስተባበል አይጠይቅም። ጸሐፊው ሁለቱን አንድ ላይ ለመያዝ የከበዳቸው መሰለኝ።

የአወዳደቁ ነገር። በቬትናም ተሸነፈ ተብሏል። አልተሸነፈም፤ ነገሩ ከዚያ ይልቅ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ፈረንሳይ በቶንኪን ምክንያት ከቻይና ጋር ስትዋጋ ነበር። በማርች 28 ቀን 1885 ላንግ ሶን አካባቢ ጄኔራሉ ደ ኔግሪዬ ቆሰለ። ትእዛዙ ለበታቹ መኮንን ተላለፈ፤ እሱም ደነገጠና ከተማዋን ለቅቆ አፈገፈገ። መድፍና የጦሩን ገንዘብ ወንዝ ውስጥ ጥሎ ነው የሄደው፤ ያውም ማንም በቅርብ ሳያሳድደው። ፓሪስ የደረሰው ቴሌግራም ግን ትልቅ መቅሠፍት የወረደ አስመሰለው። ማርች 30 ፌሪ ምክር ቤት ገብቶ 200 ሚሊዮን ፍራንክ ጠየቀ። ክሌማንሶ ከእንግዲህ አናውቃችሁም፣ ፊታችን ያሉት ሚኒስትሮች ሳይሆኑ በአገር ክህደት የተከሰሱ ሰዎች ናቸው አለው። በ306 ለ149 ወደቀ። ውጭ የተሰበሰበው ሕዝብ ወደ ሴን ወንዝ እንጣለው ይል ነበር።

ፌሪ ኪሱ ውስጥ ምን እንደነበረ ማንም አላወቀም። ቻይና በምስጢር የሰላሙን ውል ተቀብላ ነበር። ድርድሩ እንዳይበላሽ ብሎ ዝም አለ። ኤፕሪል 4፣ ከወደቀ በአምስተኛው ቀን፣ የመጀመሪያው ስምምነት ፓሪስ ላይ ተፈረመ። በጁን ሙሉው ውል ተከተለ፤ ቻይና ፈረንሳይን በቶንኪን ላይ አወቀችላት። የፈለገውን አግኝቶ የወደቀ ሰው ነው።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ የፌሪ ምሳር ግን ከመውደቁ በፊትም ብዙ ነበር። ጽሑፉ ጥላቻውን ሁሉ ከቶንኪን ያስጀምረዋል። ሕዝቡ ግን «ፌሪ ረሃብ» ማለት የጀመረው በ1870 መጨረሻ በብርዱ ወራት ነው። ፕሩሲያ ፓሪስን ስትከብ የከተማዋ አስተዳደር በእሱ እጅ ነበር። በጃንዋሪ 1871 ዳቦ በቀን ለሰው 300 ግራም ሆነ፤ ዳቦውም አጃና ሩዝ የተቀላቀለበት ጥቁር ነገር። ያንን ዳቦ ለመግዛት በብርድ የተሰለፈች ሴት ከ15 ዓመት በኋላም አልረሳችውም። «ፌሪ ቶንኪን» የሚለው ሁለተኛው ቅጽል ነው።

ሞቱን ቶሎ ልጨርሰው። በጥይት የተመታው ዲሴምበር 10 ቀን 1887 በምክር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ነው። ከሳምንት በፊት ለፕሬዚዳንትነት ታጭቶ፣ የፓሪስ ጎዳና ስለተቆጣ ሳዲ ካርኖ ነበር የተመረጠው። በጥይቱ ቆሰለ፣ አልሞተም። በ1889 በትውልድ ከተማው ተሸነፈ። በ1891 ሴኔት ገባ፤ በፌብሩዋሪ 1893 የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በማርች 17 በልብ ሕመም ሞተ። ጥይቱ ለሕመሙ አስተዋጽኦ አድርጓል የሚሉ አሉ። መንግሥት በክብር ቀበረው። የተረሳ ሰው የሴኔት ፕሬዚዳንት አይሆንም። ዛሬም በስሙ የተጠራ ጎዳና ወይም ትምህርት ቤት የሌለበት የፈረንሳይ ከተማ መፈለግ ያደክማል።

ከእኛ ጋር አይገናኝም የተባለው ደግሞ አስገርሞኛል። ፈረንሳይ ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ያለችውን ኦቦክን ከአፋር ባላባቶች በ10,000 ማርትሬዛ ብር የተዋዋለችው በ1862 ነው። ከዚያ ከሃያ ዓመት በላይ እንዲሁ ተቀመጠች። በ1884፣ በፌሪ ሁለተኛ መንግሥት ጊዜ፣ ሌኦንስ ላጋርድ ተሹሞ መጣና ቦታውን ያዘ። ለምን ያኔ? በቶንኪን ምክንያት። ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚሄደው መርከብ ከሰል ይፈልጋል፤ በመንገድ ላይ ያለችው የየመኗ ወደብ ዔደን የእንግሊዝ ናት፤ እንግሊዝም ገለልተኛ ነኝ እያለች ወደቧን ማጥበብ ጀመረች። ፌሪ ራሱ ቅድም ባነሳሁት የጁላይ ንግግር ይህንኑ ተናግሮታል። የጦር መርከብ ከ14 ቀን በላይ የሚበቃ ከሰል መያዝ አይችልም፤ ከሰል ያለቀበት መርከብ ደግሞ ማንም ያገኘው የሚወስደው ስብርባሪ ነው አለ።

ከኦቦክ ላጋርድ ወደ ጅቡቲ ተሻገረ። በ1894 ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ሰጡ። ላጋርድም በ1897 የፈረንሳይ መልእክተኛ ሆኖ ምኒልክ ፊት ቀረበ። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ይህን ሁሉ ፌሪ አቅዶታል አልልም፤ ባቡሩ ሲጀመር ሞቷል። ግን የድሬዳዋ ሰው ስለ ፌሪ ሲያነብ የሌላ ዓለም ታሪክ ነው ብሎ እንዳያልፈው ያህል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጸሐፊው ቢያገኙት ኖሮ ለሙግታቸው ይጠቅማቸው ነበር፤ እኔ ላቀብላቸው። በ1892 ሴኔቱ አልጄሪያን የሚያጣራ ኮሚሽን ልኮ ነበር፤ መሪው ፌሪ ነው። ሄዶ አየ፤ ያየውንም ጻፈ። አውሮፓዊው ሰፋሪ በአረብ አገር ከእሱ ሌላ ባለ መብት መኖሩን ማስረዳት ከባድ ነው፣ የአገሬው ሰው እንደፈለጉ ግብር የሚጭኑበትና የሚያሠሩት ዘር አይደለም አለ። ሰፋሪዎቹ ተቆጡ። የ1885ቱ ፌሪ ይህን አይጽፍም ነበር፤ እዚህ ላይ ሰውየው በርግጥ ተንቀሳቅሷል። መፍትሔ ብሎ ያቀረበው ግን በሰፋሪዎቹ ላይ የሚቆጣጠር ጠንካራ ዋና ገዢ እንዲሾም ነው። ከአልጄሪያ እንውጣ የሚል ቃል ሪፖርቱ ውስጥ የለም።